ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው፦ ኪውና ስላይስ በፕሮግራመብል ስዊች ላይ፣ የኤስዲ-ፋብሪክ ጉዳይ

ፒፎር በሚባለው፣ የኔትወርክ ስዊች ፓኬትን እንዴት እንደሚያስተናግድ በሚፃፍበት ቋንቋ የተሰራ ፕሮግራም ከፍታችሁ ይሄ ፓኬት በየትኛው ኪው (ፓኬቶች ለመውጣት ተራ የሚጠብቁበት ሰልፍ) ነው የሚወጣው ብላችሁ ብትቆፍሩ ብትቆፍሩ መጨረሻ ላይ የምታገኙት አንዲት መስመር ናት። ለአንድ ፊልድ ቁጥር ትሰጣለች፣ በቃ። 5 ትላለች እንበል። 5 ማለት ቅድሚያ ያለው ነው ወይስ የመጨረሻው? ስንት ባንድዊድዝ ተመድቦለታል? ሲሞላ ፓኬቱ ይጣላል ወይስ ይጠብቃል? ፕሮግራሙ ውስጥ መልስ የለም። ኮዱን መቶ ጊዜ ብታነቡት አታገኙትም፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ያ ሌላ ቦታ ደግሞ ስታንዳርድ የለውም። ዛሬ የማወራው ይሄንን ክፍተት ከምር የተጋፈጠ አንድ ፕሮጀክት ምን እንዳደረገና የት ላይ እንደቆመ ነው።

መጀመሪያ ክፍተቱ ከየት መጣ የሚለውን እንይ። ፒፎር በ2014 በወጣ ወረቀት ነው የታወቀው፣ አሁን ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ፒፎር-16 የሚባለው ደግሞ በ2017 ወጣ። ቋንቋው ብቻውን ስለ ስዊች ምንም አያውቅም፣ ስዊቹ ምን ምን ክፍል እንዳለው የሚናገር አርክቴክቸር የሚባል ነገር ከጎኑ ያስፈልገዋል። ለዛ ተብሎ በ2018 ፒኤስኤ የሚባል የጋራ አርክቴክቸር ወጣ፣ አንድ ጊዜ የተፃፈ ፕሮግራም በማንኛውም ስዊች ላይ እንዲሄድ ታስቦ። ፒኤስኤ ስዊቹን ሲስለው 6 ፕሮግራም የሚደረጉ ብሎኮች አሉት፦ መግቢያው ላይ ፓርሰር (ፓኬቱን ከፍቶ የሚያነበው)፣ ዋናው ስራ፣ ዲፓርሰር (መልሶ የሚገጣጥመው)፣ መውጫውም ላይ እንደዛው። መሃላቸውና መጨረሻቸው ላይ ግን ፕሮግራም የማይደረጉ 2 ሳጥኖች አሉ። አንዱ ፓኬት የሚያባዛው ነው፣ ሁለተኛው ባፈር (ፓኬት የሚቆይበት ሜሞሪ) እና ኪው የያዘው ነው። ፕሮግራመሩ ለነዚህ ሳጥኖች የሚናገረው በጣም ትንሽ ነገር ነው፦ በየትኛው ፖርት ይውጣ፣ ወደ ስንት ይባዛ፣ ይጣል ወይስ አይጣል፣ እና ክላስ ኦፍ ሰርቪስ የሚባል አንድ ቁጥር። የዚህ ቁጥር ትርጉም ለአምራቹና ለኮንትሮል ፕሌኑ፣ ማለትም ስዊቹን ከላይ ለሚያዋቅረው ሶፍትዌር፣ ተተወ።

ለምን ተተወ ብላችሁ ብትጠይቁ ስንፍና አይደለም። በ100 ጊጋቢት ፖርት ላይ ትንሹ ፓኬት፣ 64 ባይት የሆነው፣ በየ6.72 ናኖሰከንድ ይመጣል። እዛ ፍጥነት ላይ የትኛው ኪው ቀድሞ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ሰርኪት ሲሊከን ላይ የተጋገረ ነው፣ አንዱ አምራች በፖርት 8 ኪው ይሰጣችኋል ሌላው ከዛ በላይ፣ ባፈሩን የሚያካፍሉበት መንገድም ለየቅል ነው። ሁሉንም የሚያስማማ ነገር መፃፍ ከባድ ስለነበር ሳጥኑን ዘግተው ቁጥር የምታስገቡበት ቀዳዳ ብቻ ተዉለት።

ደሞ አዲስ ነገር አይደለም ይሄ። ከፒፎር በፊት በነበረው የስዊች መቆጣጠሪያ ፕሮቶኮል፣ ኦፕን ፍሎው ላይም ታሪኩ ያው ነበር፣ ፓኬቱን ኪው ቁጥር ይሄ ውስጥ አስገባው የሚል ትዕዛዝ ነበረው ግን ኪውውን ራሱን መፍጠርና ማዋቀር ከፕሮቶኮሉ ውጪ ነበር፣ በሌላ ፕሮቶኮል። ማለትም ትውልድ ተቀየረ፣ ቋንቋ ተቀየረ፣ ቀዳዳው ግን እዛው ቦታ ላይ ነው ያለው። ኮንትሮለሩ የፒፎር ስዊችን የሚያዝበት ኤፒአይ፣ ፒፎር ራንታይም ላይም ብትሄዱ ቴብል፣ ሜተር (የትራፊክ ፍጥነት የሚለካው)፣ ካውንተር፣ የመልቲካስት ግሩፕ ሁሉ ማዋቀር ትችላላችሁ፣ ኪው የሚባል ነገር ግን የለም። የሚገርመው ፓኬት ኮፒ የምታደርጉበት ክሎን ሴሽን ላይ ክላስ ኦፍ ሰርቪስ ሙሉ ይላችኋል፣ ይሞላል፣ ግን የሞላችሁት ቁጥር ምን እንደሆነ በዛው ኤፒአይ መጠየቅ አትችሉም።

እንግዲህ ጉዳዩ እዚ ጋ ነው የሚጀምረው። ኦኤንኤፍ የሚባለው የኔትወርክ ድርጅት ኤስዲ-ፋብሪክ የሚባል ኦፕን ሶርስ ኔትወርክ ሰራ፣ ከላይ ኦኖስ ኮንትሮለሩ አለ፣ ስዊቹ ላይ ስትራተም የሚባለው ሶፍትዌር፣ ከስር ቶፊኖ ቺፕ። ቶፊኖ ቤርፉት ኔትወርክስ የሰራው ነው፣ ኢንቴል በ2019 ገዛው። ፋብሪኩ ለግል 5ጂ ኔትወርክም ታስቦ ስለነበር የ5ጂ ዩፒኤፍ (የስልኮችን ዳታ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ክፍል) ራሱ ስዊቹ ውስጥ በፒፎር ተፃፈ፣ ማለትም የስልኩ ትራፊክ የሚታሸግበትን የጂቲፒ ዋሻ የሚከፍተውና የሚዘጋው ስዊቹ ነው። 5ጂ ካላችሁ ስላይስ፣ ማለትም አንዱ ኔትወርክ ለተለያየ ተጠቃሚ የሚከፋፈልበት ቁራጭ፣ አለ። ስላይስ ካለ ደግሞ አንዱ ስላይስ ሌላውን እንዳይነካው ቃል መግባት አለባችሁ፣ ቃሉ የሚጠበቀው ወይም የሚፈርሰው ደግሞ ያ የተዘጋው ሳጥን ውስጥ ነው።

የመረጡት መንገድ እኔ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ንፁሁ ነው ብዬ አስባለሁ። ፕሮግራሙ ስለ ኪው እንዲያስብ አላደረጉትም። ፓኬቱ ሲገባ 2 ነገር ይለጠፍበታል፦ የስላይስ ቁጥር በ4 ቢት፣ የትራፊክ ክላስ በ2 ቢት። ስለዚህ 16 ስላይስ፣ እያንዳንዱ ላይ 4 ክላስ። ክላሶቹ ስም አላቸው፣ ስማቸውም ፀባያቸውን ይናገራል፦ ኮንትሮል፣ ሪል ታይም፣ ኢላስቲክ፣ ቤስት ኤፈርት። ቀጥሎ ሜተር ውስጥ ያልፋል፣ ሜተሩ ባለ 2 ሬት ባለ 3 ቀለም ነው፣ ያ በ1999 አርኤፍሲ 2698 በሚባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ላይ የተፃፈው፣ ከታችኛው ሬት በታች አረንጓዴ፣ በሁለቱ መሃል ቢጫ፣ ከላይኛው ካለፈ ቀይ። ከዛ አንድ ቴብል አለ፣ ስላይስና ክላሱን አንድ ላይ ከቀለሙ ጋር አይቶ ወይ የኪው ቁጥር ይሰጣል ወይ ፓኬቱን ይጥላል። አለቀ። የኪው ቁጥር የሚባለው ነገር የሚታየው እዚች አንድ ቴብል ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌላው ፕሮግራም በሙሉ የሚያወራው በስላይስና በክላስ ቋንቋ ነው። ቺፕ ቢቀየር የሚቀየረው ይሄ ቴብል ውስጥ የሚሞላው ነገር ነው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።

6 ቢት የሆነው ደሞ ዝም ብሎ አይደለም። አይፒ ሄደር ላይ ያለው ዲኤስሲፒ፣ ፓኬቱ እንዴት እንዲያዝ የሚጠቁመው ፊልድ፣ 6 ቢት ነው። የመጀመሪያው ስዊች ስላይሱንና ክላሱን ዲኤስሲፒው ላይ ይፅፈዋል፣ የሚቀጥለው ስዊች ፓኬቱን እንደገና መመርመር ሳያስፈልገው ከዛ ያነበዋል። አሪፍ ነው፣ ግን ዋጋ አለው። ዲኤስሲፒ ባለቤት አለው፣ ከ1998 ጀምሮ ሰው ሲጠቀምበት ኖሯል። ለምሳሌ የድምፅ ጥሪ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 46 ተፅፎበት ነው። 46 በሁለትዮሽ 101110 ነው። ከላይ 4 ቢት ብትቆርጡ 1011፣ ማለትም 11፣ የቀረው 10፣ ማለትም 2። አያችሁ አይደል? ከውጪ የመጣ አንድ ምስኪን የስልክ ፓኬት ምንም ሳያደርግ የስላይስ 11 ክላስ 2 አባል ሆነ። ስላይስ 11ን የከፈለበት ሰው ባንድዊድዙን ከማያውቀው እንግዳ ጋ እየተካፈለ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዲኤስሲፒው የሚታመነው በፋብሪኩ ውስጥ ስዊች ከስዊች በሚገናኝበት ፖርት ላይ ብቻ መሆን አለበት፣ ከሰርቨርና ከውጪ በሚመጣው ላይ ግን አይታሰብም፣ ሲወጣም ማፅዳት ያስፈልጋል። ይሄ ታማኝ ፖርት የሚባለው ነገር ሰው ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል፣ እኔ ግን ስታንዳርድ ቢፃፍ የመጀመሪያው ገፅ ላይ መቀመጥ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሁለት አይነት ስዊች ስታገናኙ አንዱ የሚያምነውን ሌላው ካላመነ ቁጥሩ መንገድ ላይ ትርጉሙን ይቀይራል፣ ያኔ ደግሞ ኤረር የሚባል ነገር አይመጣም፣ ፓኬቱ ይደርሳል፣ ዝም ብሎ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

16 ስላይስ ይበቃል ወይ? የሞባይል ኔትወርክ ስታንዳርድ የሚያወጣው 3ጂፒፒ ስላይስ የሚለይበት ቁጥር 32 ቢት ነው፣ 8ቱ አይነቱን ይናገራል 24ቱ ደግሞ በአንድ አይነት ውስጥ ያሉትን ይለያል። 32 ቢትን 4 ቢት ውስጥ መክተት ማለት ከስልክ ወገን ያለው ሰው እንደፈለገ ስላይስ ሲፈጥር ፋብሪኩ ላይ 15 ወይ 16 ወንበር ብቻ ነው ያለው ማለት ነው። ለአንድ ፋብሪካ ወይም ለአንድ ካምፓስ ይበቃል። ለትልቅ ኦፕሬተር አይበቃም፣ ስለዚህ ብዙ ስላይሶች አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው፣ ማን ከማን ጋ ይቀመጥ የሚለው ደግሞ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ኪውው ልግባ፣ ዋናው ስጋ እዚ ነው ያለው።

የክላሶቹ አደራደር እንደዚህ ነው። ኮንትሮል ከሁሉ በላይ በስትሪክት ፕራዮሪቲ፣ ማለትም እሱ ጋ ፓኬት ካለ ሌላው ይቆማል። ግን ጣሪያ አለው፣ ሼፐር የሚባል የፍጥነት ገደብ ተደርጎበታል። ይሄ ጣሪያ ወሳኝ ነው፣ ያለ ጣሪያ ስትሪክት ፕራዮሪቲ ሰጥታችሁ አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ኮንትሮል ክላስ ላይ ሙሉ ፍጥነት ቢለቅ ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ከሱ ስር ሪል ታይም፣ እሱም ጣሪያ ያለው። ከዛ የተረፈውን ኢላስቲክና ቤስት ኤፈርት በሚዛን ይካፈላሉ፣ ዲደብሊውአርአር በሚባለው ዘዴ፣ ማንም ባዶ እጁን አይቀርም ግን ማንም ደግሞ የመዘግየት ዋስትና የለውም።

ለሪል ታይም ስንት ማይክሮሰከንድ ቃል መግባት ይቻላል? ቁጭ ብዬ አስልቼው ነበር። 10 ጊጋቢት ፖርት ውሰዱ። 8 የሪል ታይም ስላይሶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ቢበዛ 2 ባለ 1500 ባይት ፓኬት እንዲለቁ ተፈቅዶላቸዋል። ሁሉም እድላቸው ሆኖ በአንዴ ቢለቁ 24000 ባይት ነው፣ ለመውጣት 19.2 ማይክሮሰከንድ። ኮንትሮል በዛው ቅፅበት 15000 ባይት ቢለቅ ይሄ ደግሞ 12። ከዛ ደግሞ ኪው ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ የወጣ ፓኬት አለ፣ ቤስት ኤፈርት ቢሆንም ከጀመረ በኋላ ማቋረጥ አይቻልም፣ 1500 ባይት ከሆነ 1.2 ማይክሮሰከንድ ይጨምራል። ድምሩ 32.4። ኔትወርኩ ላይ 9000 ባይት የሆነ ጃምቦ ፓኬት ከተፈቀደ 1.2 የነበረው 7.2 ይሆንና 38.4 ትደርሳላችሁ። ፖርቱ 1 ጊጋቢት ቢሆን ሁሉንም በ10 አባዙት። አያችሁ፣ ቃሉን የሚወስነው የኪው ቁጥር አይደለም፣ የሁሉም ሰው በርስት፣ ማለትም በአንዴ የሚለቀው ብዛት፣ ድምር ነው። አንድ ሰው ሌላ ስላይስ ልጨምር ሲል የድሮዎቹ ስምንቱ ዋስትና በሙሉ ይቀየራል፣ ስለዚህ ስላይስ መጨመር ማለት ኮንፊግ መጨመር ሳይሆን የሁሉንም ሂሳብ እንደገና መስራት ነው።

በሂሳቡ ውስጥ ደሞ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ሬት ስንል ምኑን ነው የምንቆጥረው? እያንዳንዱ የኢተርኔት ፓኬት ሽቦው ላይ ከራሱ ሌላ 20 ባይት ይይዛል፣ 8ቱ ፕሪአምብል 12ቱ ደግሞ በፓኬቶች መሃል ያለው ክፍተት። ትልቅ ፓኬት ላይ ምንም አይደለም። 64 ባይት ላይ ግን 84 ይሆናል። ለአንድ ስላይስ 5 ጊጋቢት ብላችሁ ብትፈቅዱና ቺፑ 20ውን ባይቆጥር፣ ሰውየው ትናንሽ ፓኬት ከላከ ሽቦው ላይ 6.56 ጊጋቢት ነው የሚበላው። 5 እና 5 ነው 10 ይበቃል ብላችሁ ሁለት ስላይስ አስቀምጣችሁ ነበር፣ ድምሩ 13 አለፈ። ሜተሩ አንድ አይነት ሼፐሩ ሌላ አይነት ከቆጠረ ደግሞ ባሰ፣ መግቢያው ላይ አረንጓዴ የተባለ ፓኬት መውጫው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሁለቱም ልክ ነኝ ይላሉ። ስታንዳርድ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ፅፎ ይሄንን መዝጋት ይችል ነበር።

ሌላው ሜተሩ ራሱ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ለአንድ ስላይስ አንድ ሜተር ነው የሚታየው። ቶፊኖ ውስጥ ግን ፓይፕ የሚባሉ ለየብቻ ፓኬት የሚያስኬዱ 2 ወይ 4 ክፍሎች አሉ፣ ፖርቶቹ በየፓይፑ ተከፋፍለዋል፣ እያንዳንዱ ፓይፕ የራሱን ቆጠራ ነው የሚይዘው፣ አንዱ የሌላውን አያይም። 1 ጊጋቢት የተፈቀደለት ስላይስ ትራፊኩ በሁለት ፓይፕ ከገባ 2 ጊጋቢት አገኘ ማለት ነው፣ ማንም ሳያጭበረብር። ለሁለት ከፍላችሁ ግማሽ ግማሽ ብትሰጡ ደግሞ በአንዱ ብቻ ሲገባ ግማሹን ከለከላችሁት። ቴስት ስታደርጉ አንድ ኬብል ሰክታችሁ ነው የምታደርጉት፣ ሁሉም ይሰራል፣ ሁለተኛው ኬብል ሲጨመር ነው ነገሩ የሚታየው።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄ፣ ያ 5 ቁጥር ኪው ምን እንደሆነ የት ነው የሚፃፈው? ፒፎር ፕሮግራሙ ውስጥ አይደለም። ፒፎር ራንታይም ላይም አይደለም። ስትራተም የሚያነበው የቻሲ ኮንፊግ የሚባል ፋይል አለ፣ የትኛው ኪው ምን ፕራዮሪቲ፣ ምን ጣሪያ፣ ምን ሚዛን፣ ስንት ባፈር እንዳለው እዛ ላይ ነው ያለው። ማለትም ስላይሱ ከላይ በኮንትሮለሩ ይፈጠራል፣ ሜተሩ በአንድ ኤፒአይ ይወርዳል፣ ኪውው ደግሞ በሌላ ፋይል፣ ሶስቱ እንዲስማሙ የሚያደርገው ሰው ነው። ሜተሩ ላይ 3 ጊጋ ብሎ ኪውው ላይ 2 ጊጋ ያለ ሰው የሚነግረው ሲስተም የለም።

እዚ ጋ ፕሮጀክቱን መውቀስ አልፈልግም፣ የነበራቸው በር እሱ ነው። ሌላ አማራጭ ነበር ወይ ከተባለ፣ ኦፕን ኮንፊግ የሚባለው የኔትወርክ ማዋቀሪያ የኪዎኤስ (የአገልግሎት ጥራት) ሞዴል አለው፣ ሳይ የሚባለው የስዊች ኤፒአይም ኪው፣ ስኬጁለር፣ ባፈር ፑል ሁሉ አለው፣ ግን ሁለቱም የተሰሩት ፓይፕላይኑ ቋሚ ለሆነ ስዊች ነው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ስላለው ስላይስና ክላስ የሚባል ነገር አያውቁም። ኪውን ራሱን ፕሮግራም እናድርገው ያሉም አሉ፣ በ2016 ሲግኮም ላይ የቀረበው ፒፎ የሚባለው ሃሳብ ፓኬቱ በደረጃው መሃል ላይ እንዲገባና ከፊት ብቻ እንዲወጣ የሚያደርግ ኪው ነው፣ በጣም ያምራል፣ ብዙ አይነት ስኬጁሊንግ በሱ መፃፍ ይቻላል። ግን እኔ የሚመስለኝ ለስላይስ የጎደለው እሱ አይደለም። የጎደለው ቢበዛ 10 ገፅ የሆነ አሰልቺ ሰነድ ነው፦ ትልቁ ቁጥር ነው ትንሹ ቁጥር ቅድሚያ ያለው፣ ሬት ሲቆጠር 20 ባይቱ ይገባል አይገባም፣ በርስት በባይት ነው በፓኬት፣ ሜተር ሲባል በስዊች ነው በፓይፕ፣ ይሄ ፖርት ስንት ኪው አለው ብሎ ኮንትሮለሩ የሚጠይቅበት መንገድ፣ እና ከሁሉ በላይ የማይቻል ነገር ሲጠየቅ ስዊቹ አልችልም እንዲል። ዝም ብሎ ተቀብሎ የሚቀራረበውን ከሚያደርግ አልችልም የሚል ስዊች ይሻላል። የኢንተርኔት ስታንዳርድ አውጪው አይኢቲኤፍ በ2024 ያወጣው አርኤፍሲ 9543 የስላይስ ፍሬምወርክ ከላይ ያለውን ወገን አስተካክሏል፣ ደንበኛው መዘግየትና ባንድዊድዝን በቃል ደረጃ የሚጠይቅበትን ቋንቋ ሰጥቷል፣ ኪው ግን ሆን ብሎ አይነካም፣ ሊነካም አይገባም። ከላይ ቃሉ ተፃፈ፣ ከታች ሲሊከኑ አለ፣ መሃሉ ነው ባዶው።

መሃሉ ባዶ መሆኑ ደግሞ በ2023 መጀመሪያ ላይ ታየ። ኢንቴል በጥር ወር አዲስ የቶፊኖ ትውልድ መስራት አቆምኩ አለ። የዛኑ አመት መጨረሻ ኦኤንኤፍ ራሱ ፕሮጀክቶቹን ይዞ ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ተጠቃለለ። በ2025 ኢንቴል የቶፊኖን የፒፎር ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ አደረገው። ሰው ሁሉ ያኔ የጠየቀው ፕሮግራሞቻችን ምን ይሆናሉ ነበር፣ የስላይስና ክላሱ ክፍል ግን ብዙም አያስጨንቅም፣ 4 ቢትና 2 ቢት ነው፣ ሜተርና ቴብል ነው፣ ሌላ ቺፕ ላይ ወስዶ መፃፍ ይቻላል። ኪው 5 ምን እንደነበር የሚናገረው ግን ያ የቻሲ ኮንፊግ ፋይል ነው። ከፍታችሁ ብታዩት የኪዎቹ ዝርዝር ያለው የአምራች ኮንፊግ የሚል ክፍል ስር ነው፣ ከሱ ስር ቶፊኖ ኮንፊግ ይላል፣ ፕራዮሪቲው፣ ጣሪያው፣ ሚዛኑ ሁሉ ከዛ ስም በታች ነው የተፃፈው።